ዲስክወርልድን ከየት ልጀምር? ሰባት መግቢያ መጻሕፍት ሲነጻጸሩ

እንግሊዛዊው ቴሪ ፕራቼት የጻፋቸው የ«ዲስክወርልድ» ልብ ወለዶች 41 ናቸው። የመጀመሪያው በ1983፣ የመጨረሻው ደራሲው ባረፈበት በ2015 ወጣ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የሁሉም ዓለም አንድ ናት፤ እንደ ምጣድ ክብና ዝርግ፣ በአራት ዝሆኖች ጀርባ ላይ የተቀመጠች፣ ዝሆኖቹም በጠፈር በምትዋኝ ግዙፍ ኤሊ ላይ የቆሙ። በዚህች ምጣድ ላይ አስማተኛ፣ ዘንዶ፣ ሌባ፣ ፖሊስና ፖስተኛ አብረው ይኖራሉ። የሚያስቀው ዘንዶው አይደለም፤ ዘንዶው በመጣ ማግስት የከተማው ሰው «መቼም ከዚህም የባሰ አለ» እያለ አብሮት ለመኖር የሚያበጀው ሰበብ ነው።

አዲስ አንባቢ 41 መጻሕፍት ሲያይ ብዙውን ጊዜ ቁጥር 1ን ያነሣል። ስድሳ ገጽ ያህል ይሄድና «ይኼ ነው ያ ሁሉ የተወራለት?» ብሎ ይዘጋዋል። ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። ፕራቼት ልብ ወለድ ማበጠሩን የተካነው እነዚሁኑ መጻሕፍት እየጻፈ ነው፤ ቁጥር 8 ላይ የምናገኘው ደራሲ ከቁጥር 1ዱ በእጅጉ ይበልጣል። ደግነቱ መጻሕፍቱ እንደ ተከታታይ ድራማ በአንድ መስመር የሚሄዱ አይደሉም፤ አብዛኞቹ ራሳቸውን ችለው ያልቃሉ፣ የተወሰኑት ደግሞ በአንድ ገጸ ባሕርይ ዙሪያ እየተሰባሰቡ ትንንሽ ቅርንጫፎች ይሠራሉ።

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይኸውና፦ ልብ ወለድ ማንበብ የለመደ አዋቂ «ጋርድስ! ጋርድስ!»ን ይጀምር። እንግሊዝኛው እንዳይከብደው የሚሰጋ፣ አጠር ያለም የሚፈልግ «ሞርት»ን። አንድ መጽሐፍ ብቻ አንብቦ ደራሲውን ሊመዝን የሚሻ «ስሞል ጎድስ»ን። ከዚህ በታች ያለው ምክንያቱ ነው፤ መልሱ ለእርስዎ የማይሠራ ከሆነም ከምክንያቱ ተነሥተው ሌላውን መምረጥ ይችላሉ።

ቀልዱ የተቀመጠበት ቦታ

የፕራቼት ቀልድ ሦስት መቀመጫ አለው፤ ቃሉ፣ ሰውየውና ነገሩ ራሱ። በሁሉም መጽሐፍ ሦስቱም አሉ፣ መጠናቸው ግን ይለያያል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማረ አንባቢ ምርጫውን የሚወስነው ይኼ መጠን ነው።

የቃሉን በምሳሌ እንየው። በመጀመሪያው መጽሐፍ «ዘ ከለር ኦፍ ማጂክ» ውስጥ ቱፍላወር የሚባል የዓለሙ የመጀመሪያ ቱሪስት ለአንድ መጠጥ ቤት ባለቤት ስለ ኢንሹራንስ ያስረዳል። ቃሉ በአገሩ አይታወቅምና ሰሚዎቹ የሚሰሙት «ኢን-ሱወር-አንትስ» ብለው ነው፤ ኢን ማረፊያ ቤት፣ ሱወር የፍሳሽ ቦይ፣ አንትስ ጉንዳኖች። ባለ መጠጥ ቤቱ ጉንዳኑ ባይገባውም ቤቱ ቢቃጠል ገንዘብ እንደሚያገኝ ግን ጥሩ አድርጎ ይገባዋል፤ ከተማው ነደደ። እዚህ ላይ ሁለት ቀልዶች አሉ። የጉንዳኑ ድምፅን በጆሮ ይፈልጋል፤ የአለቃ ገብረ ሃናን ቀልድ ለውጭ ሰው ተርጉሞ ለማሳቅ የሞከረ ችግሩን ያውቀዋል። የቃጠሎው ግን በየትኛውም ቋንቋ ያስቃል።

ሰውየው ላይ የተቀመጠ ቀልድ በጣም ይቀላል። በ«ጋርድስ! ጋርድስ!» ካሮት የሚባል፣ ድዋርፍ የሚባሉ አጫጭር የተረት ሕዝቦች ያሳደጉት ቁመተ ረጅም ወጣት አንክ-ሞርፖርክ ወደምትባለው ከተማ መጥቶ ዘበኛ ይሆናል። የከተማዋን አሮጌ የሕግ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሸምድዷል፤ ያመነበትማል። በዚህች ከተማ ደግሞ ሌብነት ፈቃድ ያለው ሥራ ነው፤ ሌቦቹ ማኅበር አላቸው፣ ኮታ አላቸው፣ ለተሰረቀ ሰው ደረሰኝ ይሰጣሉ። ካሮት በተቀጠረ ማግሥት የሌቦቹን ማኅበር ፕሬዚዳንት በሌብነት ያስረዋል። ይህን ለመሳቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።

ሦስተኛው፣ ነገሩ ራሱ የሚያስቅበት፣ ፕራቼትን ከሌሎች ፌዘኞች የሚለየው ነው። የዘበኞቹ አዛዥ ሳም ቫይምስ በ«ሜን አት አርምስ» ውስጥ ስለ ጫማ ያሰላል። ደመወዙ በወር 38 ዶላርና አበል ነው። ጥሩ ጫማ 50 ዶላር ያወጣል፣ ዓመታት ይቆያል። እሱ የሚችለው የ10 ዶላሩን ነው፤ ያ ደግሞ አንድ ሁለት ወቅት አገልግሎ ሶሉ ካርቶን ይሆናል። ስለዚህ ድሀው በአሥር ዓመት ውስጥ ለጫማ 100 ዶላር ያወጣል፣ እግሩም ሳይደርቅ ይኖራል። ሀብታሙ ሀብታም የሆነው ትንሽ ስለሚያወጣ ነው። ምጣኔ ሀብት ነው፣ ቀልድም ነው፤ ክረምትን በቻይና ጫማ ያለፈ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅም።

እንግዲህ መመዘኛው ይኼ ነው፦ በቃል ላይ የተቀመጠው ቀልድ ሲበዛ መጽሐፉ ለእኛ ይከብዳል፤ በሰውና በነገር ላይ የተቀመጠው ሲበዛ ይቀላል።

«ጋርድስ! ጋርድስ!» እና «ሞርት»

ብዙ ሰው የሚያመነታው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። «ሞርት» በ1987፣ «ጋርድስ! ጋርድስ!» በ1989 ወጡ፤ ሁለቱም የቅርንጫፋቸው የመጀመሪያ መጽሐፍ ናቸው።

የ«ሞርት» ታሪክ ባለ አንድ ክር ነው። ለእርሻ ሥራ የማይመች ልጅ ወደ ሥራ መቀጠሪያ ገበያ ይወሰዳል፤ ማንም ሳይመርጠው እኩለ ሌሊት ላይ በነጭ ፈረስ የመጣ ሰው ይቀጥረዋል። ሰውየው ሞት ነው። እኛ መልአከ ሞት ስንል የምንፈራው ሳይሆን፣ ሥራውን በሰዓቱ የሚሠራ፣ ድመት የሚወድ፣ ሰዎች ለምን እንደሚደሰቱ ለማወቅ የሚጥርና የማይሳካለት የቢሮ ሠራተኛ የመሰለ ፍጡር። ልጁ ሥራውን ሲለምድ መሞት የነበረባትን ልዕልት ያድናል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ገጸ ባሕርያቱ ጥቂት ናቸው፣ ሞትም የሰው ዘይቤያዊ አነጋገር ስለማይገባው ሁሉን ቃል በቃል ይወስዳል። ይህ ለእንግሊዝኛ ተማሪ ስጦታ ነው፤ ዘይቤው ምን ማለት እንደሆነ ካላወቁ፣ እሱም አያውቅምና ሌላው ገጸ ባሕርይ ሲያስረዳው አብረው ይሰማሉ። ደካማ ጎኑ መጨረሻው ነው፤ የፍቅሩ ታሪክ የተቻኮለ ነው፣ ሠላሳ ገጽ ተጨምሮለት ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ጋርድስ! ጋርድስ!» ከዚህ ይሰፋል። የተናቁ አራት ዘበኞች፣ ከቤተ መጻሕፍት በተሰረቀ መጽሐፍ ዘንዶ የሚጠራ ምስጢራዊ ማኅበር፣ አሻንጉሊት ንጉሥ ሊያነግሥ የሚያስብ ተንኮለኛ፣ ከተማዋን በዝምታ የሚገዛው ቬቲናሪ። የመጀመሪያዎቹ 40 ገጾች ትንሽ ያደናግራሉ፤ ማኅበርተኞቹ ሁሉ ኮፍያ የደፉና ወንድም እገሌ የሚባሉ ስለሆኑ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። አይጨነቁ፣ ሆን ተብሎ ነው፤ ከመካከላቸው ልብ ሊሉት የሚገባው መሪያቸውን ብቻ ነው። ቫይምስ በመጀመሪያው ትዕይንት ሰክሮ ቦይ ውስጥ ወድቆ ነው የምናገኘው። ይህ ሰው በስምንት መጻሕፍት ውስጥ ወዴት እንደሚደርስ ማየት፣ በእኛ ግምት፣ ከመላው ተከታታይ ትልቁ ደስታ ነው። «ጋርድስ! ጋርድስ!»ን የምናስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ሞርት» የተሻለ መክሰስ ሊሆን ይችላል፣ ይኼኛው ግን ወደ ምሳ ያስገባል።

«ስሞል ጎድስ»

በ1992 የወጣው «ስሞል ጎድስ»፣ ትርጉሙ «ትንንሽ አማልክት»፣ ከየትኛውም ቅርንጫፍ ውጭ ነው። በፊት የተነበበ አይፈልግም፣ ቀጥሎም የሚነበብ የለውም። ኦም የተባለ ታላቅ አምላክ በግርማ ሊገለጥ አስቦ ራሱን አንድ ዓይና ኤሊ ሆኖ ያገኘዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዚህ ዓለም የአማልክት ጉልበት የሚለካው በአማኞቻቸው ብዛት ነው፣ በስሙ በተሠራው ግዙፍ ተቋም ውስጥ ደግሞ ከልቡ የሚያምንበት አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ማንበብ የማይችል፣ የሰማውን ሁሉ ግን የማይረሳ ብሩታ የሚባል አትክልተኛ ደቀ መዝሙር። ሌሎቹ የሚያምኑት በተቋሙ፣ በመርማሪዎቹና በፍርሃታቸው ነው። ተቋሙ ዓለም ድቡልቡል ናት ብሎ ያስተምራል፤ «የለም፣ ዝርግ ናት፣ በኤሊ ላይ ናት» ያለ ይቀጣል። እና ዓለሟ በእርግጥ ዝርግ ናት።

ሃይማኖት ጠበቅ ባለበት ቤት ያደገ አንባቢ መጀመሪያ ላይ ቅር ሊለው ይችላል። መጽሐፉ ግን አማኙ ላይ አይስቅም፤ ብሩታ ከሁሉም በላይ የተከበረው ሰው እሱ ነው። የሚያፌዝበት ቮርቢስ ነው፣ ሰውን እያሰቃየ ራሱን ጻድቅ የሚያደርገው መርማሪ። የቃላት ጨዋታ ከሰባቱ ሁሉ እዚህ ያንሳል፣ ሐሳቡ ግን ይከብዳል፤ ሳቁ ጮክ የሚል አይደለም። በአውቶቡስ ውስጥ ለመሳቅ የሚፈልግ ሌላ ይምረጥ።

«ወርድ ሲስተርስ»

የጠንቋዮቹ ቅርንጫፍ በቁጥር የሚጀምረው በ1987ቱ «ኢኳል ራይትስ» ነው፤ መጀመር የሚገባው ግን በ1988ቱ «ወርድ ሲስተርስ» ነው። በመጀመሪያው ዋናዋ ግራኒ ዌዘርዋክስ ገና አልበሰለችም፣ ጓደኞቿም የሉም። ጠንቋይ የምንለው ሌላ ቃል አጥተን ነው፤ እነዚህ ሴቶች ከእኛ ጠንቋይ ይልቅ ለመንደር አዋላጅ፣ ለሥር ማሽና ለሽማግሌ ይቀርባሉ። ወልደው ያላቀፉ እናቶችን ያጽናናሉ፣ ከሚያጣጥር ሰው አጠገብ ያድራሉ፣ ሰው ሲዋሽ ዓይን ዓይኑን አይተው ዝም ያሰኛሉ። አስማት ማድረግ ይችላሉ፤ ዋናው ሙያቸው ግን አለማድረግ ነው።

ታሪኩ የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ገልብጦ የተሠራ ነው። መስፍኑ ንጉሡን ይገድላል፣ መናፍስት ይንከራተታሉ፣ ሕፃኑ ወራሽ ለተጓዥ ተዋንያን ይሰጣል፣ ገዳዩም እጁ አልጠራ ብሎት እስኪቆስል ይፈትገዋል። ተውኔቱን የማያውቅ ሰው ታሪኩን ይከተላል፣ ከቀልዱ ግን ሢሶው ያመልጠዋል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መልሶታል። እሱን መጀመሪያ ያነበበ «ወርድ ሲስተርስ»ን ሲከፍት ከመጀመሪያው ገጽ ይስቃል፤ ሦስቱ በመብረቅና በነጎድጓድ መካከል «መቼ እንገናኝ?» ሲባባሉ አንዷ የቀን መቁጠሪያዋን አይታ እንደሚመቻት ሰው ማክሰኞን ትመርጣለች። ተውኔቱን ማንበብ የማይፈልግ ይህን በር ይለፈው።

«ጎይንግ ፖስታል»

በ2004 የወጣ ነው፤ ደራሲው እጁ በፈታበት ዘመን። ሞይስት ፎን ሊፕዊግ የሚባል አጭበርባሪ ይሰቀላል፤ ሲነቃ ቬቲናሪ ፊት ተቀምጧል። ምርጫ ይሰጠዋል፤ የሞተውን ፖስታ ቤት ማስነሣት፣ አለዚያ በዚያኛው በር መውጣት። ከበሩ ወዲያ ጉድጓድ አለ። ፖስታ ቤቱ ለባለቤታቸው ባልደረሱ ደብዳቤዎች እስከ ጣራው ተሞልቷል። ተፎካካሪው በከተሞች መካከል በማማ ላይ በሚቆሙ ምልክት ሰጪዎች መልእክት የሚያስተላልፍ ኩባንያ ነው፤ ገንዘቡን እየላፈ ማማውን የማያድስ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ዋጋ የሚጨምር። ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ይዞ መስኮት ላይ የቆመ ሰው የጭብጡን ሙቀት ወዲያው ያገኘዋል።

ለእኛ አንባቢ ሌላም ጥቅም አለው። አብዛኞቹ የዲስክወርልድ መጻሕፍት ምዕራፍ የላቸውም፤ ይኼ ግን አለው፣ በየምዕራፉ አናት ላይም ምን እንደሚሆን የሚጠቁም አጭር መግለጫ አለ። ከሥራ መልስ በየማታው ጥቂት ጥቂት ለሚያነብ ይመቻል። ርዕሱ የቃላት ጨዋታ ነው፤ በአሜሪካ አነጋገር «ጎይንግ ፖስታል» ሥራ ቦታ ላይ በቁጣ ማበድ ማለት ነው። ጉድለቱ ቬቲናሪን፣ ከተማዋንና ጎለም የሚባሉትን የሸክላ ሰዎች አስቀድሞ ያወቀ እንደሚደሰተው አዲሱ አለመደሰቱ ነው። ፍጥነት ለሚወድ፣ ከዘንዶ ይልቅ ቢሮ ለሚያስቀው ሰው ግን አንደኛ ምርጫ ነው።

የቀሩት ሁለቱ

«ዘ ዊ ፍሪ ሜን» (2003) ለታዳጊዎች የተጻፈ ነው፤ አዋቂ ቢያነበው አይጎዳም። ቲፋኒ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ የተሰረቀ ወንድሟን ፍለጋ በመጥበሻ ታጥቃ ትሄዳለች። ረዳቶቿ ስንዝር ያህል ቁመት ያላቸው፣ ሰማያዊ ቆዳ ያላቸው፣ መደባደብና መስረቅ የሚወዱ ፊግሎች ናቸው። ችግሩ የእነሱ አነጋገር ነው፤ በስኮትላንድ ዘዬ ነው የተጻፈው። መፍቻው ጥቂት ቃላትን መያዝ ነው፦ «ኬን» ማወቅ፣ «ዊ» ትንሽ፣ «ኔይ» የለም፣ «ዲና» አታድርግ፣ «ቢግጆብ» ሰው፣ «ኬልዳ» የጎሣው እናት። ከዚያ ንግግራቸውን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ። በዓይን የማይገባው በጆሮ ይገባል። የቃላቱ መፍቻ ዝርዝር በኋላ በወጡ የቲፋኒ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ከተገኘ መጀመሪያ እሱን ገልጦ ማየት ያግዛል። በውጭ አገር ያደገ፣ እንግሊዝኛው ከወላጆቹ የሚበልጥ ልጅ ላለበት ቤት፣ ልጁ እያነበበ ወላጅ የሚሰማበት ጥሩ መጽሐፍ ነው።

«ዘ ከለር ኦፍ ማጂክ» የሚመረጠው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፤ የድሮዎቹን የሰይፍና የአስማት ልብ ወለዶች ላነበበ። የሚያፌዘው በእነሱ ላይ ነው፤ በፍሪትዝ ላይበር ጀብደኞች፣ በአን መካፍሪ ዘንዶ ጋላቢዎች፣ በላቭክራፍት ጭራቆች። እነሱን የማያውቅ ሰው የማያውቀው ሰው ሰርግ ላይ እንደተጠራ እንግዳ ይሆናል። መጨረሻውም አይዘጋም፤ ታሪኩ የሚያልቀው በ1986ቱ «ዘ ላይት ፋንታስቲክ» ነው፣ ስለዚህ ሁለት መጻሕፍት መግዛት ግድ ነው።

ከበሩ ወዲያ

መግቢያውን ከጨረሱ በኋላ በቅርንጫፉ ውስጥ በታተመበት ተራ መሄድ ይሻላል፤ ቅርንጫፎቹን ማቀላቀል ግን አይጎዳም። የዘበኞቹ ተራ፦ «ጋርድስ! ጋርድስ!»፣ «ሜን አት አርምስ»፣ «ፊት ኦፍ ክሌይ»፣ «ጂንጎ»፣ «ዘ ፊፍዝ ኤሌፋንት»፣ «ናይት ዋች»፣ «ታድ!»፣ «ስነፍ»። የሞት፦ «ሞርት»፣ «ሪፐር ማን»፣ «ሶል ሚውዚክ»፣ «ሆግፋዘር»፣ «ቲፍ ኦፍ ታይም»። የጠንቋዮቹ፦ «ወርድ ሲስተርስ»፣ «ዊችስ አብሮድ»፣ «ሎርድስ ኤንድ ሌዲስ»፣ «ማስከሬድ»፣ «ካርፔ ጁጉለም»። የሞይስት ሦስት ናቸው፤ ከ«ጎይንግ ፖስታል» በኋላ «ሜኪንግ መኒ» እና «ሬይዚንግ ስቲም»።

ከአዟሪ ወይም ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የሚገዛ ሰው ግን ምርጫ የለውም፤ ያገኘውን ነው የሚያነሣው። ከላይ ከተነጻጸሩት ውጭ «ፒራሚድስ»፣ «ሙቪንግ ፒክቸርስ»፣ «ዘ ትሩዝ»፣ «ሞንስትረስ ሬጅመንት» ወይም «ዚ አሜዚንግ ሞሪስ» ከተገኘ ሳያመነቱ መግዛት ነው፤ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። «ናይት ዋች» ከተገኘም ይገዛ፣ ግን መደርደሪያ ላይ ይቆይ። ብዙ አንባቢ ከሁሉ የላቀ የሚለው መጽሐፍ ነው፤ ክብደቱ ግን ቫይምስ ወደ ወጣትነቱ ዘመን ተመልሶ የሚያያቸውን ሰዎች አስቀድሞ በማወቅ ላይ ቆሟል። ከእሱ በፊት ቢያንስ «ጋርድስ! ጋርድስ!» እና «ሜን አት አርምስ» ይቅደሙ። «ቲፍ ኦፍ ታይም»፣ «ታድ!» እና «ካርፔ ጁጉለም»ም እንዲሁ ይቆዩ። በእግር ኳስ ዙሪያ የሚሽከረከረው «አንሲን አካደሚካልስ» (2009) ኳስ ወዳድን ያጓጓል፤ አስማተኞቹን ሳያውቁ ቢገቡበት ግን ግማሹ ቡድን የማይታወቅበት ጨዋታ ነው የሚሆነው።

የመጨረሻዎቹ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ፕራቼት ብርቅ በሆነ የአልዛይመር ዓይነት መያዙን በታኅሣሥ 2007 ይፋ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ መተየብ ስላቃተው በቃል እያስጻፈና ድምፅን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም ነበር የሚሠራው። «ስነፍ» (2011) እና «ሬይዚንግ ስቲም» (2013) ላይ ይሰማል፤ ንግግሮቹ ይረዝማሉ፣ ቀልዱ እንደ ቀድሞው በግማሽ ዓረፍተ ነገር አይቋጭም። ለወደደው ሰው ይነበባሉ፣ መግቢያ ግን አይደሉም። የቲፋኒ አምስተኛ የሆነው «ዘ ሸፐርድስ ክራውን» (2015) ደግሞ ከአራቱ ቀዳሚዎች በፊት ፈጽሞ አይነበብ፤ መጀመሪያው ላይ የሚሆነው ነገር የሚያሳዝነው የሚሆንበትን ሰው ላወቀ ነው።

ወረቀት፣ ስክሪን ወይስ ጆሮ?

እዚህ ላይ የሚወስነው የግርጌ ማስታወሻ ነው። ፕራቼት ከቀልዱ ጥሩ ጥሩውን ገጽ ግርጌ ላይ ያስቀምጣል፤ አንዳንዱ ማስታወሻ የራሱ ማስታወሻ አለው። ማስታወሻው ምልክቱ ባለበት ቦታ ወዲያው መነበብ አለበት፤ «ኋላ እመለስበታለሁ» ያለ ሰው ቀልዱን ቀዝቅዞ ነው የሚያገኘው።

በዚህ ረገድ ወረቀት ይበልጣል፤ ዓይን ወደ ታች ወርዶ ይመለሳል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ሞት ሲናገር ያለ ትእምርተ ጥቅስ ቁመታቸው ባጠረ ትልልቅ (ካፒታል) የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው የሚጻፈው፣ በወረቀት ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በአንዳንድ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ተራ ትልልቅ ፊደል ሆኖ እንደ ጩኸት ይመስላል። ሞት አይጮህም።

ኤሌክትሮኒክ ቅጂ ቃል ነክቶ ትርጉም ለማየት ይመቻል፤ ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከመግዛትዎ በፊት ናሙናውን አውርደው የግርጌ ማስታወሻውን ይንኩት። እዚያው በትንሽ ሳጥን ከተከፈተ ይግዙ፤ ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ከወረወረዎት መመለሻውን መፈለግ ያሰለቻል። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሚጠቀሙበት «ሊቢ» በተባለው መተግበሪያ በነፃ መዋስ ይችሉ እንደሆነ መጀመሪያ ይመልከቱ።

ለማድመጥ ከ2022 ጀምሮ የተቀዱት አዲሶቹ ቅጂዎች ይመረጣሉ። የግርጌ ማስታወሻዎቹን የሚያነበው ቢል ናይ ብቻ ነው፣ ሞትን የሚናገረው ፒተር ሴራፊኖዊች ነው፤ ስለዚህ ድምፁ ሲለወጥ የት እንዳሉ ያውቃሉ። ዘበኞቹን ጆን ካልሾው፣ ጠንቋዮቹን ኢንዲራ ቫርማ፣ «ስሞል ጎድስ»ን አንዲ ሰርኪስ ያነባሉ። የድሮዎቹ የናይጀል ፕላነርና የስቲቨን ብሪግስ ንባቦችም ጥሩ ናቸው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከቶኒ ሮቢንሰን ቅጂዎች ነው፤ አነባበቡ ግሩም ነው፣ መጻሕፍቱ ግን ተቆርጠው ያጠሩ ናቸው፣ የተቆረጠው ደግሞ ቀልዱ ነው። የእንግሊዝ ዘዬ ለማይለምደው ጆሮ መጀመሪያ በወረቀት 50 ገጽ ማንበብ፣ ከዚያ ማድመጥ ይሻላል፤ ስሞቹ ከታወቁ ጆሮ አይደናገርም።

በጀርመን፣ በስዊድን ወይም በእስራኤል ያደገ ልጅ በዚያው አገር ቋንቋ የተተረጎመውን ሊመርጥ ይችላል፤ በሦስቱም ቋንቋዎች አሉ። በጀርመንኛ አሮጌ እትም ከሆነ ግን አይደንግጡ፤ በአንድ ወቅት አሳታሚው በታሪኩ መካከል የሾርባ ማስታወቂያ ሰክቶ ነበር፣ ደራሲውም በዚህ ተናዶ አሳታሚ ቀይሯል። ዘንዶ ባለበት መጽሐፍ ሾርባ ብቻውን ላያስገርም ይችላል፤ ግን የፕራቼት አይደለም።

ፊልሞቹን እንደ መግቢያ አንመክርም። ቀልዱ በተራኪው ድምፅ ውስጥ ስለሆነ ስክሪን ላይ የሚቀረው ታሪኩ ብቻ ነው፤ የ2021ዱ የቴሌቪዥን ድራማ «ዘ ዋች» ደግሞ ከመጻሕፍቱ ስሞቹን እንጂ ብዙ ነገር አልወሰደም።

የሚያሰናክሉ ነገሮች

ሁሉንም ቃል መፈለግ የመጀመሪያው ነው። በአንድ ገጽ ከሦስት ቃል በላይ አይፈልጉ፤ ብዙዎቹ ደራሲው የፈጠራቸው ስለሆኑ መዝገበ ቃላት ውስጥም የሉም። ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስዉ ገብቶዎት የሚያስቀው ካልገባዎት ግን ድምፅ አውጥተው ያንብቡት፤ ሰምና ወርቅ እንደሚፈታ ሰው ቃሉን ከፋፍለው፣ አጋጥመው ይስሙት። «ኢኳል ራይትስ» የሚለው ርዕስ በዓይን «እኩል ሥርዓቶች» ነው፣ በጆሮ ደግሞ «እኩል መብቶች»፤ መጽሐፉም ወንዶች ብቻ የሚሆኑትን አስማተኛ ልትሆን ስለምትፈልግ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ አለመኖሩ ነው። «ምዕራፉን ልጨርስና ልተኛ» የሚል ሰው ሲነጋ ነው የሚተኛው፣ ወይም መሐል ላይ አቁሞ በማግስቱ ክሩን ያጣል። በክፍተት በተለዩት ትዕይንቶች መካከል ያቁሙ፤ በአንድ መቀመጫ ከ25 እስከ 40 ገጽ በቂ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ሦስት አራቱ የታሪክ ክሮች ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ሦስተኛው ቸኩሎ መፍረድ ነው። የመረጡት መጽሐፍ እስከ 80 ገጽ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ካላሳቀዎት ይዝጉት፣ ግን ወደ ሌላ ዓይነት በር ይሂዱ። «ሞርት» የቀለለበት ሰው «ስሞል ጎድስ»ን፣ «ስሞል ጎድስ» የከበደው «ጎይንግ ፖስታል»ን ይሞክር። ሁለት በሮች ተሞክረው ሁለቱም ካልከፈቱ ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ነው፣ የቀሩትን 39 ለመግዛት ምክንያት የለም።

ካነበቡ በኋላ ያመለጠዎትን ማየት ከፈለጉ አንባቢዎች ለዓመታት ያጠናቀሩት «አኖቴትድ ፕራቼት ፋይል» የሚባል የማብራሪያ ስብስብ በኢንተርኔት አለ። ከመጽሐፉ በፊት አይክፈቱት፤ ቀልድ ሲብራራ ይሞታል። ደግሞም ቀልድ የሚያመልጠው የውጭ ቋንቋ አንባቢን ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛ አፍ «አራት ዓይና» ማለት መነጽር የሚያደርግ ሰው ነው፤ በ«ዘ ከለር ኦፍ ማጂክ» ውስጥ ቱፍላወር እንዲህ ይባላል። የሽፋኑ ሠዓሊ ጆሽ ከርቢ፣ እንግሊዛዊ ሆኖ ሳለ፣ ቃል በቃል ወስዶት ሰውየውን በአራት ዓይን ሣለው። ሽፋኑ እንደዚያው ታተመ።